ልጄን ወደ ሜዳ ለመለሰችልን ፊዚዮቴራፒስት

ቅዳሜ ዕለት ልጄ ተጫወተች። የገባችው 9 ደቂቃ ብቻ ነው። ከ13 ወር በኋላ ማለት ነው።

ቤት ገብቼ ጃኬቴን ሳላወልቅ ነው ይህንን መጻፍ የጀመርኩት። ማመስገን ያለብኝ ሰው አለች። ሲያትልና አካባቢው የምትኖሩ፣ ስፖርት የሚሠራ ልጅ ያላችሁ ወላጆች ደግሞ ይህችን ሰው ብታውቋት ደስ ይለኛል። ፈቃዷን ስላልጠየቅኩ ስሟን እዚህ አልጽፍም። የፈለገ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፣ አድራሻዋን እሰጠዋለሁ።

ልጄ 16 ዓመቷ ነው። የትምህርት ቤቷ የቅርጫት ኳስ ቡድን ፖይንት ጋርድ ናት። ለማታውቁት፣ ፖይንት ጋርድ ማለት ኳሱን ከኋላ ይዛ የምትወጣው ልጅ ናት። ማን በየት በኩል እንደሚሮጥ የምትናገረው እሷ ናት። ኳሱ ለማን፣ መቼ እንደሚሰጥ የምትወስነውም እሷ ናት። ሌሎቹ ወደ ቅርጫቱ ሲያዩ እሷ ሌሎቹን ታያለች።

የተጎዳችው ማንም ሳይነካት ነው። ኳሱን እያነጠረች መጥታ ወደ ግራ ልትታጠፍ ስትል ቀኝ እግሯ መሬቱ ላይ ቀረ፣ ሰውነቷ ብቻ ዞረ። ሮጬ ስደርስ "እማ፣ የሆነ ነገር ጧ ሲል ሰማሁት" አለችኝ። ኤምአርአይ ተነሳች። ኤሲኤል የሚባለው ጉልበት ውስጥ ያለው ጅማት ሙሉ በሙሉ ተበጥሷል። ይህ ጉዳት ሴት ልጆችን ከወንዶቹ ይበልጥ እንደሚያጠቃ ያወቅኩት ያኔ ነው። ማንም ቀድሞ አልነገረኝም ነበር።

ኦፕሬሽኑ በሰላም አለፈ። ችግሩ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። መጀመሪያ ለፊዚዮቴራፒ የሄድንበት ቦታ (ስሙ ይቅር) ሳይክል ላይ ያወጧታል፣ በረዶ ያስሩላታል፣ ከዚያ ወደ ሌላ ታካሚ ይሄዳሉ። በአምስተኛው ወር አንዱ ባለሙያ ጉልበቷን አጠፍ ዘርጋ አድርጎ አየና "በጣም ጥሩ ነው፣ በሚቀጥለው ወር ልምምድ መጀመር ትችያለሽ" አላት። ልጄ በደስታ አለቀሰች። እኔ ግን ሆዴ እምቢ አለኝ። ደረጃ ስትወርድ አያታለሁ እኮ። ሁልጊዜ የምታስቀድመው ቀኙን ነው። በቀኝ እግሯ ላይ ቆማ ሰውነቷን ዝቅ ማድረግ ትፈራለች። ደረጃ የፈራች ልጅ እንዴት አድርጋ ነው የምትዘለው?

አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ናት ወደዚህች ሴት የላከችኝ።

የመጀመሪያው ቀን ፊዚዮዋ ጉልበቷን ከመንካቷ በፊት ወንበር ስባ ፊት ለፊቷ ተቀመጠች።

"የት ቦታ ነው የምትጫወቺው?"

"ፖይንት ጋርድ።"

"እሺ። የተጎዳሽ ጊዜ ዓይንሽ የት ነበር?"

ልጄ ዝም አለች። ከዚያ "ጥግ ላይ ጓደኛዬ ነፃ ነበረች፣ እሷን እያየሁ ነበር" አለች። ፊዚዮዋ ይህንን ጻፈችው። ስንት ሐኪም፣ ስንት ነርስ አይተን ነበር። ማንም ይህንን ጠይቋት አያውቅም።

ከዚያ የጡንቻዋን ጥንካሬ በማሽን ለካችው። የቀኙ ጭን የግራውን 68 በመቶ ብቻ ነበር። "90 ካልደረሰ ሜዳ የለም፣ ከኦፕሬሽኑ 9 ወር ካልሞላም ሜዳ የለም" አለች። ሁለቱም ያስፈልጋሉ፣ አንዱ የሌላውን ቦታ አይተካም። ከ9 ወር በፊት የሚመለሱ ልጆች እንደገና የመጎዳት ዕድላቸው በጣም ከፍ እንደሚል ወረቀት ላይ እየሣለች አስረዳችን። ልጄ መኪና ውስጥ ገብታ አለቀሰች። ይህኛው የደስታ አልነበረም።

በሚቀጥለው ቀጠሮ ፊዚዮዋ ስለ ሱ በርድ አነሳች። ሲያትል ውስጥ ቅርጫት ኳስ ለምትጫወት ልጅ ሱ በርድ ማን እንደሆነች አይነገርም። ለማታውቋት፣ የከተማችን የሴቶች ፕሮፌሽናል ቡድን የሲያትል ስቶርም ፖይንት ጋርድ ነበረች። የ10 ቁጥር ማሊያዋ ልጄ ክፍል ግድግዳ ላይ ነው ያለው። ግን የሴትዮዋን ታሪክ በጉልበቷ በኩል ሲነገር ሰምተን አናውቅም ነበር። (ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

በርድ በ1998 ከኒውዮርክ ተነስታ ኮኔቲከት ዩኒቨርሲቲ ገባች። 8 ጨዋታ እንደተጫወተች ኤሲኤሏ ተበጠሰ። 18 ዓመቷ ነበር። የመጀመሪያው የዩኒቨርሲቲ ዓመቷ በዚያው አበቃ። ከዚያ ተመልሳ በ2000 ከቡድኗ ጋር የአገሪቱን ዋንጫ አነሳች። በ2002 ደግሞ ቡድኑ 39 ጨዋታ ተጫውቶ 39ኙንም አሸነፈ። በዚያው ዓመት ሲያትል ስቶርም በድራፍቱ (ቡድኖች አዲስ ተጫዋቾችን በተራ በሚመርጡበት) አንደኛ አድርጎ መረጣት። በደብልዩ ኤን ቢ ኤ (የአሜሪካ ሴቶች ፕሮፌሽናል ሊግ) እስከ 2022 ድረስ የሌላ ቡድን ማሊያ አልለበሰችም። አራት ዋንጫ አነሳች፦ በ2004፣ በ2010፣ በ2018 እና በ2020። ከአቴንስ እስከ ቶኪዮ በአምስት ኦሎምፒክ አምስት ወርቅ።

ፊዚዮዋ ግን ዋንጫውን ትታ የቆጠረችው ያልተጫወተችባቸውን ዓመታት ነው። 2013፣ ጉልበት። 2019፣ እንደገና ጉልበት። ሁለቱንም ዓመት ሙሉ በሙሉ ተቀምጣለች። "እነዚህን ሁለት ዓመታት እይልኝ" አለቻት ልጄን። "ከ2013 በኋላ ስንት ዋንጫ አለ? ከ2019 በኋላስ?" ልጄ በጣቷ ቆጠረች። የመጨረሻውን ዋንጫ ስታነሳ በርድ 40 ዓመት ሊሞላት 10 ቀን ነበር የቀራት። በዚያ የፍጻሜ ግጥሚያ የመጀመሪያ ጨዋታ 16 አሲስት (ጓደኛ የምታስቆጥርበት ኳስ) ሰጥታለች። እስከዚያ ቀን በሊጉ የጥሎ ማለፍ ታሪክ በአንድ ጨዋታ ይህን ያህል የሰጠ አልነበረም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር፣ ብዙ ወላጅ አያውቀውም። በዚያ ዘመን የደብልዩ ኤን ቢ ኤ ተጫዋቾች ሰመሩን እዚህ ይጫወቱና ዊንተሩን ውጭ አገር ሄደው ይጫወቱ ነበር፣ የተሻለው ክፍያ እዚያ ስለነበር። በርድም ሩሲያ ውስጥ ለሞስኮና ለየካተሪንበርግ ቡድኖች ለዓመታት ተጫውታለች። ጉልበቱ መቼ ይረፍ? ያን ሁሉ ተሸክሞ 41 ዓመት ድረስ መጫወት እንዴት እንደሚቻል ሳስበው ይገርመኛል። እሷ ራሷ ሠላሳዎቹ ውስጥ ከገባች በኋላ አመጋገቧን፣ እንቅልፏን፣ ልምምዷን እንደቀየረች ተናግራለች። ዕድሜዋን ያራዘመው በጂሙ ውስጥ ማንም የማያያት ሰዓት ነው።

ደግሞ እዩት፣ በርድ ብዙ ነጥብ የምታስቆጥር ተጫዋች አልነበረችም። በሙያ ዘመኗ አማካይዋ በጨዋታ 11.7 ነጥብ ነው። አሲስቷ ግን 3,234 ደርሷል። ጫማዋን ስትሰቅል በሊጉ ታሪክ አንደኛዋ እሷ ነበረች። 3,234 ጊዜ አንዲት ጓደኛዋ ያስቆጠረችው ከእሷ እጅ በወጣ ኳስ ነው። ይህን ሁሉ ኳስ ስታቀብል ዓይኗ ሰው ላይ ነበር፣ እግሯ ላይ አልነበረም።

የፊዚዮዋ ሐሳብም እዚሁ ጋ ነው። "ፖይንት ጋርድ ስለ ጉልበቷ እያሰበች መጫወት አትችልም" አለችን። "ጉልበትሽ ሳታስቢው መሥራት አለበት። እኔ እዚያ ድረስ ነው የማደርስሽ።"

እንዴት እንደምትሠራ ልንገራችሁ። 30 ሴንቲ ሜትር የምትሆን የእንጨት ሳጥን አለች። ልጄ ከእሷ ላይ ትወርድና በአንድ እግሯ ታርፋለች። መጀመሪያ ዝም ብላ ነው። ጉልበቷ ቀጥ ይላል፣ ያምራል። ከዚያ ፊዚዮዋ ፊት ለፊት ትቆምና ልጄ አየር ላይ እያለች ጣቶቿን ታሳያታለች። በቀኝ እጇ ሦስት፣ በግራዋ አራት። ልጄ መሬት ሳትነካ ደምራ "ሰባት!" ማለት አለባት። ይህን በስልኳ ቀረጸችና አቀዝቅዛ አሳየችን። ወንበሩ ላይ ደርቄ ቀረሁ። ልጄ "ሰባት" ስትል ጉልበቷ ወደ ውስጥ ይሰበራል። ያ ዝም ብላ ስታርፍ ቀጥ ይል የነበረ ጉልበት ማለት ነው። አእምሮዋ ወደ ቁጥሩ ሲሄድ እግሯ ያለ ጠባቂ ይቀራል። ጅማቷ የተበጠሰውም እንዲህ ሆኖ ነው።

ያኛው ባለሙያ ጉልበቷን አልጋ ላይ አጥፎ ዘርግቶ "ጥሩ ነው" ያለው ይህንን ሳያይ ነው።

ለወራት ይህንኑ ሠሩ። ከጣት ወደ ባለቀለም ካርድ፣ ከካርድ ኳስ ወደ ማንጠር፣ ከዚያ ኳስ እያነጠሩ ከጎን በላስቲክ ወደ መጎተት። ቀይ ከሆነ ወደ ግራ፣ ሰማያዊ ከሆነ ወደ ቀኝ። እኔ ጥግ ላይ ተቀምጬ አያለሁ። ዕለት ዕለት ለውጡ አይታይም። በሳምንታት ግን ይታያል። አንድ ቀን ቤት ውስጥ ልጄ ስልኳን እያየች ደረጃ ወረደች። በግራ እግሯ ጀምራ። እሷ አላወቀችም። እኔ ወጥ ቤት ገብቼ ብቻዬን አለቀስኩ።

ነሐሴ ላይ ስቶርም በሚጫወትበት ክላይሜት ፕሌጅ አሬና ደጅ የሱ በርድ ሐውልት ቆመ። በሳምንቱ ልጄን ይዣት ሄድኩ። በርድ ኳሱን ይዛ ወደ ቅርጫቱ ስትነሳ ነው የሚያሳየው። እኔ ብሆን ስታቀብል ነበር የማሠራው። ልጄ ግን ፊቷን አላየችም፣ ጎንበስ ብላ የሐውልቱን ጉልበት ነው ያየችው። ያኔ ከፊዚዮዋ ጋር ገና ስምንተኛ ሳምንታችን ላይ ነበርን።

ከሐውልቱ አጠገብ ሆነን 2018ን አስታወስን። ያኔ ሕንፃው ኪይ አሬና ነበር የሚባለው። ልጄ 8 ዓመቷ ነው፣ ከሥራ ቦታዬ ትኬት ተሰጥቶኝ ይዣት ገባሁ። የግማሽ ፍጻሜው አምስተኛ ጨዋታ፣ ከፊኒክስ ጋር። በርድ ከዚያ በፊት በነበረው ጨዋታ አፍንጫዋ ተሰብሮ ጭምብል አድርጋ ገባች። በአራተኛው ክፍለ ጊዜ ብቻ 14 ነጥብ አስቆጠረች። ሁልጊዜ የምታቀብለው ሴት፣ የሚቀበላት ሲጠፋ ራሷ አገባችው። ልጄ ወንበሩ ላይ ቆማ ስትጮህ ትዝ ይለኛል። "እኔም" ያለችኝ መኪና ውስጥ ነው። ቅርጫት ኳስ የጀመረችው በዚያ ዓመት ነው። በ2022 በርድ የመጨረሻ ጨዋታዋን እዚሁ ከተማ ተጫውታ ስትወጣ ሰዉ ቆሞ "ታንክ ዩ ሱ" ሲል ደግሞ ቤታችን ሆነን በቴሌቪዥን አየን።

ዘጠኝ ወር ሞላ። ተለካች፣ 87 ሆነ። ፊዚዮዋ አልፈቀደችም። የቡድኑ የውድድር ጊዜ ሊጀመር ነው፣ አሰልጣኙ ይደውላል፣ ልጄ ትለምናለች፣ እውነቱን ለመናገር እኔም ለመንኳት። ሦስት በመቶ ናት እኮ! በትህትና ግን ፍንክች ሳትል "አልፈርምም" አለች። በዚያን ሰዓት ተናድጄባት ነበር። አሁን የማመሰግናት ከሁሉ በላይ ለዚያች ቃል ነው። ከሁለት ወር በኋላ 95 ሆነ። በአንድ እግር የሚዘለለውንም ፈተና አለፈች። ያኔ ፈረመች።

ወደ እሷ ለመሄድ ለምታስቡ፣ እንድታውቁት የምፈልገው አለ። ቀጠሮ ለማግኘት ሳምንታት ትጠብቃላችሁ። አትሸነግልም። ቤት የሚሠራ ትሰጣለች፣ ልጁ ካልሠራው ታውቃለች። ልጃችሁን በፍጥነት ለውድድር እንድታደርስላችሁ ብቻ ከሆነ የምትፈልጉት፣ እሷ ጋ አትሂዱ። ኢንሹራንሳችሁ በዓመት ስንት ጉብኝት እንደሚሸፍን ከመጀመሪያው ቀን ጠይቁ። የእኛ ሊያልቅ ሲል ቀጠሮውን በሁለት ሳምንት አንዴ አድርጋ፣ በመሃል የሚሠራውን በቪዲዮ እየላከችልን ነው ያዳረሰችን። ተጨማሪ አላስከፈለችንም። ዋሽንግተን ስቴት ውስጥ ያለ ሐኪም ወረቀት በቀጥታ ፊዚዮቴራፒስት ጋ መሄድ ይቻላል፣ ኢንሹራንሱ ግን የራሱ ደንብ ሊኖረው ይችላል። ያልተጎዱ ልጆች ያሏችሁም ብትሆኑ አንድ ቀን ውሰዷቸው። አዘላለላቸውን አይታ ምን ማጠንከር እንዳለባቸው ትነግራችኋለች። እኔ ቀድሜ ባውቅ ኖሮ እወስዳት ነበር።

ቅዳሜ የቀረጽኩትን ቪዲዮ ማታውኑ ላክሁላት። ጠዋት መለሰች። "ሦስተኛው ደቂቃ ላይ ቀኝ እግሯን ተክላ ወደ ግራ ስትታጠፍ አየሽ? ዓይኗ ጥግ ላይ ያለችው ልጅ ላይ ነበር። ኳሱም ደረሳት" ይላል። ከሥሩ ደግሞ ሰኞ ቀጠሮ እንዳለን አስታወሰችኝ፣ ያልተጎዳው የግራ ጉልበቷ ሥራም ገና ነው።