ስኪ ወይስ ስኖውቦርድ? 350 ዶላር ከፍዬ የተማርኩት

በረዶ መጣል በጀመረ ቁጥር እዚህ ፖርትላንድ ያለ ሐበሻ ሁሉ ይደውልልኛል። «ስኪ ልግዛ ወይስ ስኖውቦርድ?» ሁለቱም በረዶ ላይ መንሸራተቻ ናቸው፤ ስኪ ለየእግሩ አንድ ቀጭን ሰሌዳ ነው፣ ስኖውቦርድ ሁለቱም እግር የሚታሰርበት አንድ ሰፊ ሰሌዳ። መልሴን ከአሁኑ ልናገርና ልገላገል፤ ስኖውቦርድ። ስኪ የምትወዱ አትቀየሙኝ፣ የእኔ ጉዳይ ከኪስ ጋር ነው።

የምንሄደው ማውንት ሁድ ነው፣ በመኪና አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ። እሳተ ገሞራ ነው ስላቸው የሚደነግጡ አሉ። እኛ እሳተ ገሞራ ሲባል የምናውቀው ኤርታሌን ነዋ! ይሄኛው 3,429 ሜትር ከፍታ አለው፣ ጫፉ አካባቢ ዛሬም ድኝ ድኝ የሚሸት እንፋሎት ይወጣል፣ ግን በረዶ የለበሰ ነው። ለጀማሪ ተራራው ላይ ባለችው ገቨርመንት ካምፕ መንደር ያለችው ትንሿ የመንሸራተቻ ቦታ ሰሚት ትበቃለች፤ ከ1927 ጀምሮ የነበረች ናት። ትልልቆቹ መንሸራተቻዎች ጋ ሄዳችሁ ለማትወጡበት ሊፍት (ወደ ላይ የሚያወጣው ማመላለሻ) አትክፈሉ።

መጀመሪያ የገዛሁት ስኪ ነበር። ጋራዥ ሴል ላይ፣ ከነማሰሪያው (ቡቱን፣ ማለትም ጫማውን፣ ስኪው ላይ የሚይዘው) 80 ዶላር። ቡቱን ሌላ ቦታ በ60 አገኘሁ። በ140 ዶላር ሙሉ ዕቃ! የሰረቅኩ ያህል ተሰማኝ። ማሰሪያውን በቡቴ ልክ እንዲያስተካክሉልኝ ሱቅ ወሰድኩት። ልጁ አገላብጦ አየው፣ አንድ ዝርዝር ተመለከተና «ይሄን አንነካውም» አለኝ።

ነገሩ ወዲህ ነው። የስኪ ማሰሪያ ስትወድቁ እግራችሁን መልቀቅ አለበት፣ ካልለቀቀ ጉልበት ይሄዳል። አምራቾቹ ኃላፊነት የሚወስዱላቸውን ሞዴሎች በዝርዝር ያወጣሉ። ከዝርዝሩ የወጣ አሮጌ ማሰሪያን ሱቆች ክስ ፈርተው አይነኩም። እልህ ያዘኝና አዲስ አስገጠምኩ፣ ከነእጅ ዋጋው 210 ዶላር። ድምሩ 350 ገባ። በሦስተኛው ቀን ቡቱ ተረከዙ ጋ ተሰነጠቀ። ፕላስቲክ ተቀምጦም እንደሚያረጅ ማን ነግሮኝ!

ስኖውቦርድ ላይ ይህ ጣጣ የለም። ማሰሪያው ስትወድቁም አይለቅም፣ ስለዚህ በክብደታችሁ የሚለካ መልቀቂያ የለውም። ጥቂት ብሎንና አንድ ካቻቢቴ ነው። ቡና እስኪፈላ ሳሎን ቁጭ ብዬ ገጠምኩት። ያገለገለ ቦርድ ከነማሰሪያው 130፣ ቡት አዲስ በሚያዝያ ቅናሽ 95። በ225 ዶላር ይኸው አራተኛ ዓመቴ።

ያገለገለ ስትገዙ ሆዱን አገላብጡ። በረዶው ሳይወፍር የወጣ ሰው ቦርዱን የእሳተ ገሞራው ድንጋይ ልጦለታል። ጭረት ብቻ ከሆነ አትፍሩ፤ እንደ ሻማ የሚቀልጥ ፕላስቲክ ይሸጣል፣ እያንጠባጠባችሁ ትሞሉታላችሁ። የጠርዙ ብረት ከተሰነጠቀ ወይም ውሃ ገብቶበት ካበጠ ግን በነጻም አትውሰዱ።

ሄልሜት ላይ አትቆጥቡ። ኢንተርኔት ላይ በ25 ዶላር የታወቀ አርማ ያለበት አዘዝኩ። ሲመጣ የውስጡ ፎም በጣት ይፈረፈራል፣ ኤኤስቲኤም ኤፍ 2040 የሚለው የበረዶ ሄልሜት የደህንነት ደረጃ ምልክትም የለበትም። አስመስለው የሠሩት ነው። አሁን የልጄ መጫወቻ ሆኗል።

ስኖውቦርድ ችግር የለውም አልልም። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት መቀመጫችሁ ላይ ነው የምታሳልፉት። ስትወድቁ እጃችሁን አትዘርጉ፣ አንጓ ይሰበራል። ሜዳ ላይ ስትቆሙ ደግሞ ስኪዎቹ በዱላቸው እየገፉ በፈገግታ ያልፏችኋል። ያናድዳል።

የመጀመሪያ ቀን ሁለቱንም ተከራዩ። ለልጆች ደግሞ ጭራሽ አትግዙ፣ እግራቸው በዓመቱ ያልፈዋል፤ ለወቅቱ የሚያከራዩ ሱቆች አሉ። ከኖቬምበር 1 እስከ ኤፕሪል 30 የስኖ ፓርክ ፈቃድ (የክረምት መኪና ማቆሚያ ፈቃድ) መኪናችሁ ላይ መለጠፉን አትርሱ፣ ቅጣቱ ካጠራቀማችሁት ላይ ነው የሚቀነሰው።

ስኪው አሁንም ጋራዤ ውስጥ አለ። የሚፈልግ ካለ 150 ዶላር። ማሰሪያው ብቻ 210 ነው የፈጀብኝ፣ አትከራከሩኝ።