ሶርሰሪ፦ መጽሐፉ ይሻላል ወይስ የስልክ ጌሙ?

የጨዋታ መጽሐፍ ማለት አንተ ራስህ ጀግናው ሆነህ፣ መንገድህን እየመረጥክ፣ ውጊያውን በዳይስ እየወሰንክ የምታነበው ታሪክ ነው። ፋይቲንግ ፋንታሲ የተባለው ተከታታይ የጨዋታ መጽሐፍ እንግሊዝ ውስጥ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1982 ነው። በዓመቱ ከተከታታዩ ሁለት ፈጣሪዎች አንዱ የሆነው ስቲቭ ጃክሰን «ሶርሰሪ» የሚባሉትን አራት መጻሕፍት ማውጣት ጀመረ። ኢንክል የተባለ ድርጅት ደግሞ ከ2013 እስከ 2016 ጌም አደረጋቸው።

ዕቃ፦ ለመጽሐፉ እርሳስ፣ ወረቀትና ሁለት ዳይስ ይበቃል። ለጌሙ ስልክህ ብቻ።

ድግምት፦ ለእኔ ትልቁ ልዩነት እዚህ ነው። መጽሐፉ 48 ድግምቶች አሉት፤ እያንዳንዱ በሦስት ፊደል ይጠራል። ጉዞው ከተጀመረ በኋላ ዝርዝሩን መግለጥ ክልክል ነው። በቃልህ መያዝ አለብህ። ያ ጥናት ራሱ የአስማተኛ ተማሪ የሆንክ ያህል እንዲሰማህ ያደርጋል። ጌሙ ላይ ግን ፊደሎቹ ስክሪኑ ላይ ይመጡልሃል፤ መርጠህ ትገጣጥማለህ። ቀለል ይላል፣ ግን ያንን ደስታ አላገኘሁበትም።

ሞት፦ መጽሐፉ ላይ ከሞትክ አለቀ፣ እንደገና ትጀምራለህ። ጌሙ ወደ ኋላ እንድትመለስ ይፈቅድልሃል። ለጀማሪ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ጸጥ ያለ ቅዳሜና ትዕግሥት ካለህ መጽሐፉን ያዝ። መንገድ ላይ አሥር አሥር ደቂቃ ብቻ የምታገኝ ከሆነ ጌሙን። ከልጅህ ጋር ከሆነስ? ያለ ጥርጥር መጽሐፉን፤ አንተ አንብብለት፣ ዳይሱን እሱ ይጣል።