ምድጃዬን ትተው መጀመሪያ እንጨቴን ላዩልኝ ባለሙያ

ይህን የምጽፈው አንድ ሰው ለማመስገን ነው። የጭስ ማውጫ ይጠርጋሉ፤ የእንጨት ምድጃም ይጠግናሉ። ስማቸውንና ስልካቸውን በአደባባይ እንዳልለጥፍ አደራ ስላሉኝ እዚህ ጋሼ ብቻ እላቸዋለሁ። የሚፈልጋቸው ሰው በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፤ እሳቸውን አስፈቅጄ አገናኛለሁ።

ቤታችንን የምናሞቀው በእንጨት ነው። ምድጃው የብረት ነው፤ በሩ ባለመስታወት፣ ቧንቧው በጣሪያ በኩል የሚወጣ። የመጀመሪያውን ዓመት ምንም አላስቸገረንም። በሁለተኛው ዓመት ግን ጠባዩ ተለወጠ። መስታወቱ በአንድ ምሽት ጥቁር ይሆናል። በሩን ስከፍት ጭሱ ወደ ቤት ይመለሳል። እንጨቱ ጫፉ ላይ አረፋ እየደፈቀ ሽሽ ሲል ያመሻል፤ ሙቀት ግን የለም። እማዬ ብርድ ልብሷን ተከናንባ ምድጃው አጠገብ ትቀመጥና «ዛሬም አልሞቀም?» ትለኛለች። ይህን ስትል አንጀቴ ይንሰፈሰፋል።

መጀመሪያ የጠራሁት ሌላ ሰው ነበር። ቧንቧውን በጣቱ መታ መታ አደረገና «ይሄ ምድጃ አልቆለታል፤ ተለቅ ያለ ግዢ» አለኝ። አምስት ደቂቃም አልቆየ። እኔም ልገዛ ተነስቼ ነበር። «ቆዪ እስኪ፣ አንድ ሰው ልጠቁምሽ» ብላ የጋሼን ስልክ የሰጠችኝ ጎረቤቴ ናት። እሷንም አመሰግናለሁ።

ጋሼ መጡ። መሣሪያቸውን በር ላይ አስቀመጡ። ወደ ምድጃው ዞር እንኳ አላሉም።

«ልጄ፣ እንጨትሽ የት ነው?» አሉኝ።

ወደ ጓሮ ወሰድኳቸው። ሁለት ፍልጥ አንስተው እርስ በርስ አጋጩ። ድፍን ያለ ድምፅ ሰጠ። «ደረቅ ቢሆን ይጮህ ነበር» አሉ። ከዚያ አንዱን በመጥረቢያ ሰነጠቁና አዲስ በተከፈተው ፊት ላይ ባለሁለት ጥርስ የእርጥበት መለኪያ ወጉበት። 34 በመቶ አለ። ያንኑ ፍልጥ ከውጭ በኩል ሲወጉት ደግሞ 19። «ከውጭ ብቻ ለክተሽው ቢሆን ደረቅ ነው ብለሽ ትተዪው ነበር» አሉኝ።

ለምድጃ የሚሆን እንጨት እርጥበቱ ከ20 በመቶ በታች መሆን አለበት። ገና የተቆረጠ እንጨት ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ውሃ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለውን እንጨት ምድጃ ውስጥ ስንከት፣ እሳቱ መጀመሪያ የሚሠራው ያንን ውሃ ማፍላት ነው። እኛን ሊያሞቀን የሚገባው ሙቀት እንፋሎት ሆኖ በጣሪያ ይሄዳል። ከደረቅ ጋር እርጥብ ይነዳል ይባላል። ምድጃ ውስጥ ግን እርጥቡ ደረቁንም ይዞት ይጨሳል።

ክምሬን ሲያዩ ራሳቸውን ነቀነቁ። ዝናብ እንዳያገኘው ብዬ ከላይ እስከ ታች በላስቲክ ጠቅልዬው ነበር። ያውም መሬት ላይ፣ ከግድግዳው ጋር ተጣብቆ። ላስቲኩ ዝናቡን ሲከለክል ከእንጨቱ የሚወጣውንም እርጥበት አፍኖ ይዞት ኖሯል። «ነይ እንሥራው» ብለው እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። የጠራኋቸው ለዚህ አልነበረም፤ እሳቸውም ይህን አላነሱም። ሁለት አጣና መሬት ላይ አጋደምን። ወፍራም ወፍራሙን ፈለጡት፤ እንጨት ከቅርፊቱ ይልቅ በተሰነጠቀው ፊቱ ቶሎ ይደርቃል። ከግድግዳው ትንሽ አራቅን፣ ንፋስ እንዲገባ ክፍተት እየተውን ደረደርን፣ ላስቲኩን አናቱ ላይ ብቻ አለበስነው። ለስላሳ እንጨት እንዲህ ሆኖ ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት ይበቃዋል። ጠንካራው ሁለት ዓመትም ሊፈልግ ይችላል። ጋሼ ከኪሳቸው ጠመኔ አወጡና ከፊት ባለው ፍልጥ ላይ ቀኑን ጻፉ። «የሚቀጥለው ብርድ ሳይመጣ እንዳትነኪው» አሉኝ። ደግነቱ ከጣሪያ ሥር የቆየ ትንሽ ክምር ነበረኝ። ሰንጥቀው ለኩት፤ 17። ዓመቱን በእሱ ተወጣን።

ወደ ጣሪያ የወጡት ከዚህ በኋላ ነው። የጭስ ማውጫው አናት ላይ ወፍ እንዳይገባ የሚደረግ ወንፊት አለ። ግማሽ በግማሽ ተደፍኗል። በረጅም ብሩሽ ሲጠርጉት የወረደውን በመዳፋቸው ይዘው አሳዩኝ። ተራ ጥላሸት መስሎኝ ነበር። አይደለም፤ እንደ ብርጭቆ የሚያብረቀርቅ ጥቁር ቅርፊት ነው። ክሪዮሶት ይባላል፤ ጋሼ የጭስ ቅጥራን ይሉታል።

ስለ ምድጃ ከተማርኩት ሁሉ የከበደኝ ይህ ነው፤ ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልጻፈው። ጭስ ማለት ሳይነድ ያመለጠ እንጨት ነው። እንጨት ሲሞቅ ጋዝ ያወጣል፤ በውስጡ ካለው ኃይል ግማሽ ያህሉ ወይም ከዚያ በላይ ያለው እዚያ ጋዝ ውስጥ ነው። ጋዙ በደንብ እንዲነድ ወደ 600 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚጠጋ ሙቀትና በቂ አየር ይፈልጋል። እሳቱ ከቀዘቀዘ ወይም ከታፈነ ሳይነድ ወደ ቧንቧው ይወጣል። የቧንቧው ግድግዳ ቀዝቃዛ ሲሆን እዚያው ይለጠፍና ይደርቃል። የተለጠፈው ነገር ደግሞ ነዳጅ ነው። አንድ ቀን እሳት ያገኘው እንደሆነ ጭስ ማውጫው ራሱ ይነዳል፤ ሙቀቱም ከ1,000 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል። ያ ሙቀት ሸክላ ይሰነጥቃል፤ ወደ ጣሪያው እንጨትም ይዛመታል።

«ጋሼ፣ ቢነሳ እንዴት አውቃለሁ?» አልኳቸው።

«ታውቂዋለሽ ልጄ። አውሮፕላን ጣሪያሽ ላይ የመጣ ይመስልሻል።»

ያን ጊዜ የምድጃውን በርና የአየር ማስገቢያውን መዝጋት፣ ቤተሰቡን ሁሉ ይዞ መውጣት፣ ከውጭ ሆኖ እሳት አደጋ መጥራት። ወደ ጭስ ማውጫው ውሃ መድፋት አይገባም፤ የጋለውን ግድግዳ በድንገት ይሰነጥቀዋል፣ እንፋሎቱም ሰው ያቃጥላል። እሳቱ ጠፋ ቢባል እንኳ ባለሙያ ውስጡን ሳያይ ምድጃው ዳግም አይለኮስም። ይህን ሁለት ጊዜ አስደገሙኝ። ለልጆቼም ነገሯቸው።

ሲጠርጉ ጭምብላቸውን ሳያጠልቁ ብሩሽ አይነኩም። ምክንያቱን ጠይቄያቸው ነው ያወቅሁት። እንግሊዛዊው ሐኪም ፐርሲቫል ፖት በ1775 የጭስ ማውጫ ጠራጊዎችን ካንሰር ከጥላሸቱ ጋር አያይዞ ጽፎ ነበር። ካንሰርን ከሥራ ጋር ካያያዙት የመጀመሪያዎቹ ጽሁፎች አንዱ ነው። እነዚያ ጠራጊዎች ከልጅነታቸው ጀምሮ ጠባብ ጭስ ማውጫ ውስጥ እየገቡ የሚያጸዱ ነበሩ። የኔን ቤት ጥላሸት በፊታቸው ላይ ሳይ ይህ ሥራ ምን ያህል ክብር እንደሚገባው ተሰማኝ።

ከጣሪያ ወርደው እጃቸውን እየታጠቡ ሳለ «ቤት ውስጥ ጠዋት ጠዋት ራሱን የሚያመው አለ?» ብለው ጠየቁ።

ዝም አልኩ። ትንሹ ልጄ ለሁለት ሳምንት ያህል ራሴን አመመኝ ሲል ነበር። ብርድ ነው ብዬ ሻይ እየሰጠሁ ነበር የምልከው።

ማታ ማታ የአየር ማስገቢያውን ጥርቅም አድርጌ እዘጋ ነበር። እሳቱ እስኪነጋ እንዲያድር። እሳት በቂ አየር ሲያጣ ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል፤ ወንፊቱ ተደፍኖ፣ ቧንቧው ቀዝቅዞ ሲሆን ደግሞ መውጫ አጥቶ ወደ ቤት ይመለሳል። ጋዙ ቀለም የለው፣ ሽታ የለው። ደማችን ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን ሂሞግሎቢን ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይይዘዋል። ምልክቱ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ማዞር፣ ድካም ነው፤ ጉንፋን ይመስላል። የተኛ ሰው ደግሞ ሳይነቃ ሊሞት ይችላል። ጋሼ ያን ቀን የካርቦን ሞኖክሳይድ ጠቋሚ ሳይገጠም እሳት እንዳላነድ ቃል አስገቡኝ። የጭስ ጠቋሚ ነበረን፤ እሱ ግን ይህን ጋዝ አይለይም። አንድ ምድጃው ያለበት ክፍል፣ አንድ መኝታ ቤቶቹ አጠገብ ተገጠመ። ልጄንም ሐኪም አሳየሁት። ከዚያ ወዲህ ራሴን አላለም። ስለዚህ ነገር ጋሼን ማመስገን የምችልበት ቃል የለኝም።

አሁን ማታ ፍሙ ራሱ አልቆ እንዲተኛ እንተወዋለን። ጠዋት አዲስ እሳት ማንደድ ከባድ አይደለም፤ አነዳዱንም አስተምረውኛል። እኔ ሁልጊዜ ጭራሮውን ከታች፣ ወፍራሙን ከላይ ነበር የማደርገው። እሳቸው ገለበጡት። ወፍራሙ ፍልጥ ከታች፣ ቀጭኑ ከላዩ፣ ጭራሮውና ማቀጣጠያው አናቱ ላይ። እሳቱ ከላይ ወደ ታች ይበላል። ከታችኛው እንጨት የሚወጣው ጋዝ በነበልባሉ ውስጥ ስለሚያልፍ እዚያው ይነዳል። ጭስ ማውጫውም ቶሎ ይሞቅና ሽቅብ መሳብ ይጀምራል። ቧንቧው በጣም ከቀዘቀዘ በውስጡ ያለው ከባድ አየር እንደ ውታፍ ይቀመጣል፤ ያኔ የተጠቀለለ ጋዜጣ አቀጣጥሎ ወደ ቧንቧው አፍ ማስጠጋት ይበቃል። መስኮት ትንሽ ገርበብ ማድረግም ይረዳል፣ በተለይ የማእድ ቤቱ አየር መሳቢያ እየሠራ ከሆነ፤ እሱ የቤቱን አየር ሲስብ ጭሱንም ቁልቁል ይጎትተዋል። ቤንዚን ወይም ነጭ ጋዝ ግን በጭራሽ። ቀለም የተቀባ እንጨት፣ ፕላስቲክ፣ ቆሻሻም እንደዚያው፤ ጭሱ መርዝ ነው።

እንጨት ስጨምር አየሩን ቀድሜ እከፍታለሁ፣ ትንሽ ቆይቼ በሩን ቀስ ብዬ እስበዋለሁ። ሁለት ወይም ሦስት ፍልጥ እንጂ እስከ አፉ አልሞላም። ቧንቧው ላይ የሚለጠፍ ማግኔት ያለው ቴርሞሜትር አስገዝተውኛል። እንደኛ ዓይነት ባለ አንድ ግድግዳ ቧንቧ ላይ ከ120 እስከ 240 ዲግሪ ባለው መካከል እንዲቆይ አደርጋለሁ። ከዚያ በታች ቅጥራን ይለጠፋል፤ ከዚያ በላይ ብረቱ ይጎዳል። ደጅ ወጥቼም ጭስ ማውጫውን አያለሁ። እሳቱ ከተያያዘ በኋላ ምንም ጭስ ካልታየ ደህና ነው።

በሩ ሲዘጋ አየር እንዳያሾልክ ዙሪያውን የሚያሽገውን ገመድም ቀየሩልን። ወረቀት በበሩ መሐል አድርገው ዘጉና ሳቡት፤ ያለ ምንም ግብግብ ወጣ። አዲሱን ገመድ ከገጠሙ በኋላ ያው ወረቀት ተቀደደ እንጂ አልወጣም። የአመዱን ነገር ሳያነሱም አልሄዱም። እኔ ጠዋት የቀዘቀዘ መስሎኝ በፕላስቲክ ባልዲ አወጣው ነበር። አመድ ውስጥ የተቀበረ ፍም ግን ለቀናት ሊቆይ ይችላል። አሁን ክዳኑ ጥብቅ ያለ የብረት ባልዲ አለን፤ ደጅ፣ ከእንጨቱም ከግድግዳውም ርቆ ድንጋይ ላይ ይቀመጣል። ምድጃው ውስጥ ሁለት ሦስት ሴንቲሜትር አመድ እተዋለሁ፤ ፍሙን አቅፎ ይይዛል።

ምድጃው ያው የድሮው ነው። ያ «አልቆለታል» የተባለው። መስታወቱ አሁን እሳቱን ያሳያል፤ ሲጠቁር እርጥብ ወረቀት አመድ ነክሬ እወለውለዋለሁ። እንጨት የምናነደው ከበፊቱ ያነሰ ነው። እማዬም ብርድ ልብሷን ትታለች።

ስለ ጋሼ ማወቅ ያለባችሁ ነገር አለ። አይቸኩሉም። ግማሽ ቀን ሙሉ ቤታችሁ ይውላሉ፤ ብዙ ይጠይቃሉ፤ ያልጠየቃችሁትንም ይነግሯችኋል። ብርዱ ከገባ በኋላ ወረፋቸው ስለሚበዛ ቀደም ብላችሁ ጥሯቸው። ጭስ ማውጫ ቢያንስ በዓመት አንዴ መታየት አለበት። እሳቸው የማይደርሱበት ቦታ ያላችሁ ደግሞ የምትጠሩትን ሰው እንዲህ እዩት፦ እንጨታችሁን ለማየት ይጠይቃል? ጣሪያ ላይ ይወጣል? ከቧንቧው የወረደውን ያሳያችኋል? ስለ ጠቋሚው ያነሳል? ይህን ሳያደርግ አዲስ ምድጃ ግዙ የሚላችሁን ሰው አትስሙት።

ጋሼ፣ ይህን ልጅዎ እንደሚያነብልዎት ነግረውኛል። እጅዎ ይባረክ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። በጠመኔ የጻፉት ቀን እስካሁን አልጠፋም። ክምሩን አልነካሁትም።