ባልዲ፣ ብርጭቆ ወይስ ግፊት ቻይ? ቢራን ከአየር ለመጠበቅ የሚሻለው የማብላያ ዕቃ

እርሾ መጀመሪያ ላይ ራሱ ኦክስጅን ይፈልጋል፤ መብላላቱ ሲጦፍም የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ አየሩን ገፍቶ ያስወጣዋል። ጣጣው የሚመጣው ጋዙ ሲያቆም፣ ቢራው ሲቀዘቅዝና ሲገለበጥ ነው። ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት ይህን ጠይቁ፦ ክዳኑን ሳልከፍት ማቀዝቀዝና መቅዳት እችላለሁ?

የፕላስቲክ ባልዲ ርካሽ ነው፤ ለማጠብም ይመቻል። የክዳኑ ጎሚኒ በደንብ ካልተቀመጠ ግን ጋዙ በጎን ያመልጣል፣ ኤርሎኩም (ጋዙ በውሃ ውስጥ አልፎ የሚወጣበት መክደኛ) አይንተከተክም። ፕላስቲኩ ራሱ ቀስ በቀስ ኦክስጅን ስለሚያሳልፍ ቢራ ከሦስት ሳምንት በላይ አታቆዩበት።

ብርጭቆ ኦክስጅን አያሳልፍም፤ ብዙዎች የሚመርጡትም ለዚህ ነው። አየር የሚገባው ግን በአፉ ነው። 23 ሊትር ቢራ ከላዩ 7 ሊትር ባዶ ቦታ ኖሮት ከ20 ወደ 2 ዲግሪ ሲቀዘቅዝ፣ ባዶ ቦታውን የሞላው ጋዝ በመኮማተር ብቻ 400 ሚሊ ሊትር ገደማ ይቀንሳል። የቀዘቀዘው ቢራ ደግሞ ከዚያ የበለጠ ጋዝ ይመጥጣል። የጎደለውን አየር ይሞላዋል። ባለሦስት ክፍሉ ኤርሎክ ውሃውን ጭምር ወደ ቢራው ይስባል፤ ጠምዛዛው የኤርሎክ ዓይነት ውሃውን ቢይዝም አየሩን አያግድም። ደፍኜው ላቀዝቅዝ የሚል ካለ ይተወው፤ ብርጭቆ የግፊት ልዩነት አይችልም፣ ሊሰበር ይችላል።

ሆፕ (ለቢራ መዓዛና ምሬት የሚሰጠው አበባ) የበዛበት ቢራ ለሚጠምቅ ምርጫው ግፊት ቻይ ዕቃ ነው። እንዲህ ያለው ቢራ አየር ሲነካው መዓዛው ይጠፋል፤ ወርቃማ የነበረውም ወደ ግራጫ ቡናማ ይዞራል። መብላላቱ ሊያልቅ ሲል የግፊት ቫልቩን 1 ባር (የግፊት መለኪያ አሃድ) ላይ አድርጉት። ሲቀዘቅዝ ግፊቱ በብዙ ይወርዳል፤ ጌጁ (የግፊት መለኪያው) ወደ ዜሮ ከተጠጋ ከሲሊንደር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጨምሩ። ቢራውን የሚቀበለውን ኬግ (የቢራ በርሜል) በማጽጃ ውሃ እስከ አፉ ሙሉና ውሃውን በካርቦን ዳይኦክሳይድ ገፍታችሁ አስወጡ፤ ከዚያ ቢራውን በቱቦ አሻግሩ። በማብላያው ውስጥ ቢራውን ከላይ የሚስበው ተንሳፋፊ መቅጃ ቱቦ በሆፕ ፍርፋሪ ስለሚደፈን ወንፊት ያለውን ግዙ።

ከግፊት ቻዮቹ መካከል የፔት ፕላስቲኩ ይረክሳል፣ ውስጡም ይታያል፤ ነገር ግን ከ50 ዲግሪ በላይ በሞቀ ውሃ ካጠባችሁት ቅርጹ ይበላሻል። አይዝጌ ብረት ዕድሜ አለው። ብረት ስለሆነ ብቻ ግን ግፊት ይችላል ማለት አይደለም፤ ክዳኑ በማሰሪያ ብቻ የሚያዝ ብዙ አለና የተፈቀደለትን የባር መጠን አንብቡ።

ጥቁር ቢራ አልፎ አልፎ ጠምቃችሁ ቶሎ የምትጠጡ ከሆነ ከታች ቧንቧ ያለው ባልዲ ይበቃችኋል፤ ክዳኑን ለናሙና አትክፈቱ፣ ሳታቀዘቅዙም ወደ ጠርሙስ ቅዱት።