ለሲስተር ምስጋና፣ ለሆስፒታል ቃለ መጠይቅ ለምትዘጋጁም ጥቆማ

ይህን ጽሑፍ የምጽፈው በሜሪላንድና በአካባቢው ለምትኖሩ፣ የጤና ሙያችሁን ከአገር ቤት ይዛችሁ መጥታችሁ በሆስፒታል ለመቀጠር ቃለ መጠይቅ ለምትጠብቁ ወገኖቼ ነው። በሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖሩ፣ ዕድሜያቸውን በነርስነት አሳልፈው አሁን በጡረታ ላይ ያሉ አንዲት እናት ባያገኙኝ ኖሮ እኔ ዛሬም በነርሲንግ ሆም በረዳትነት እየሠራሁ «ምን ጎድሎኝ ነው?» እያልሁ ራሴን እጠይቅ ነበር። ስማቸው በአደባባይ እንዲጠራ ስላልፈቀዱ «ሲስተር» እያልሁ እቀጥላለሁ፤ የሚያውቋቸው ሁሉ የሚጠሯቸውም እንዲሁ ነው።

አገር ቤት ዘጠኝ ዓመት በነርስነት ሠርቻለሁ፤ አብዛኛውን ጊዜ ያሳለፍሁት በድንገተኛ ክፍል ነው። እዚህ ከመጣሁ በኋላ የትምህርት ማስረጃዬን አስገምግሜ፣ ከ85 እስከ 150 ጥያቄ የሚቀርብበትንና 5 ሰዓት የሚፈቀድለትን ኤንክሌክስ የተባለውን የፈቃድ ፈተና፣ ሌሊት እየሠራሁና ቀን ልጅ እያሳደግሁ አለፍሁ። ከዚያ በኋላ ሥራው ራሱ የሚፈልገኝ መስሎኝ ነበር። ሦስት ጊዜ ለቃለ መጠይቅ ተጠርቼ ሦስቱንም ጊዜ የጣለኝ ግን ስለ መድኃኒት መጠንም ሆነ ስለ ሕመም ምልክት የተጠየቅሁት ነገር አልነበረም። «በሥራ ላይ ከባድ ውጥረት ያጋጠመሽን አንድ ጊዜ ንገሪን፤ እንዴትስ ተወጣሽው?» የሚለው ጥያቄ ነበር።

በመጀመሪያው ቃለ መጠይቅ «እኔ ውጥረት አይሰማኝም፤ ለምጄዋለሁ» ብዬ መለስሁ። ጠንካራ መልስ መስሎኝ ነበር። ጠያቂዋ ፈገግታዋን ሳታጠፋ ብዕሯን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች፤ ከዚያ በኋላ የጻፈችው ነገር አልነበረም።

ከዚህ በኋላ ለቃለ መጠይቅ ዝግጅት የሄድሁባቸውን ሁለት ቦታዎች ስም አልጠራም፤ ምሬቴን ግን መደበቅ አልችልም። አንደኛው 350 ዶላር ተቀብሎ አርባ መልስ የተጻፈበት ወረቀት አስያዘኝ። «በረጅሙ እተነፍሳለሁ፣ የሥራ ዝርዝር አወጣለሁ፣ ለአስቸኳዩ ቅድሚያ እሰጣለሁ» የሚል ነበር፤ እንደ ዳዊት ደገምሁት። በሁለተኛው ቃለ መጠይቅ ያንኑ ሳወርደው ጠያቂው በትሕትና «ይህ የሆነው መቼ ነበር?» አለኝ፤ የምመልሰው አጣሁ፤ ወረቀቱ ላይ «መቼ» የሚል አልነበረምና። ሌላው ደግሞ በስልክ የሚያሠለጥን ሰው ነበር። «የአገር ቤት ልምድሽን አታንሺ፤ እዚህ አይቆጠርም» አለኝ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የሰው ደም ስጠርግ ያደርሁበትን ዘመን በአንድ ዓረፍተ ነገር ሰረዘው። በሦስተኛው ቃለ መጠይቅ እሱ እንዳለኝ ከነርሲንግ ሆም ሥራዬ ትንሽ ነገር ፈልጌ አወራሁ፤ ለእኔ ለራሴ እንኳ የሌላ ሰው ታሪክ ይመስል ነበር።

ወደ ሲስተር የላከችኝ አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ናት። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቤታቸው ስደርስ ቡና እያፈሉ ነበር። ስለ ቃለ መጠይቅ ምንም ሳያነሱ «ከሁሉ የከበደሽ ሌሊት የትኛው ነበር?» ብለው ጠየቁኝ።

ለማንም ያልነገርሁትን ነገርኋቸው። አንድ ሚኒባስ ተገልብጦ አሥራ አራት ቁስለኞች ከእኩለ ሌሊት በኋላ በአንድ ጊዜ መጡብን፤ በክፍሉ የነበርነው ሁለት ነርሶችና አንድ ሐኪም ብቻ ነበርን፤ በዚያ ላይ መብራት ጠፋ። እየተናገርሁ ሳለ እንባዬ መጣ። ሲስተር አላቋረጡኝም፤ «አይዞሽ» እንኳ አላሉም። ጀበናውን ከእሳቱ አወረዱና አጠገቤ ተቀምጠው እስክጨርስ ጠበቁ። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ፦ «እጅሽ የተንቀጠቀጠው መቼ ነው?»

እንዴት እንዳወቁ አላውቅም፤ እጄ መንቀጥቀጡን አልነገርኋቸውም ነበር። «ጠዋት ርክክብ ከጨረስን በኋላ፣ ደረጃው ላይ ተቀምጬ ሻይ ስይዝ» አልኋቸው። «ከዚያስ?» ሲሉኝ፣ በማግስቱ ከባልደረባዬ ጋር ተቀምጠን የጎደለንን መጻፋችንን፣ በየአልጋው ረድፍ ባትሪ እንዲቀመጥ መጠየቃችንንና መፈቀዱን ነገርኋቸው። ሲስተር ሳቅ አሉና «ይህን ይዘሽ ነው እንዴ 350 ዶላር የከፈልሽው?» አሉኝ።

ከዚያ ከረከቦቱ አራት ሲኒ አንስተው በተርታ ደረደሩ። የመጀመሪያው የሆነው ነገር፣ ሁለተኛው የእኔ ኃላፊነት፣ ሦስተኛው እኔ ያደረግሁት፣ አራተኛው የተገኘው ውጤት ነው አሉኝ። ታሪኩን እንደገና እንድናገር አዘውኝ፣ ስለ እያንዳንዱ በተናገርሁት መጠን በየሲኒው ቡናውን ይቀዱ ጀመር። የመጀመሪያው ሲኒ ሞልቶ ፈሰሰ፤ ሦስተኛው ባዶውን ቀረ። ስለ አደጋው አሥር ደቂቃ አውርቼ ስለ ራሴ ያልሁት «ሁላችንም የተቻለንን አደረግን» የሚል ብቻ ነበር። «እዚህ አገር የሚቀጥሩት አንቺን ነው፤ ‹እኛ›ን አይቀጥሩም» አሉኝ። እኔ አድርጌ «እኔ አደረግሁ» ማለት እንደ ጉራ ሆኖ በሚቆጠርበት ቤት ነው ያደግሁት፤ ይህን ሲሰሙ እሳቸውም እንዲሁ እንደነበሩና ይህን ለመልመድ ዓመታት እንደፈጀባቸው ነገሩኝ።

ቀስ በቀስ ሦስተኛው ሲኒ ሞላ። መራመድ የሚችሉትን ወደ አንድ ጥግ ለይቼ፣ መተንፈስ ያቃታቸውንና ደም የሚፈሳቸውን አስቀድሜ ነበር፤ ቤተሰቡ አንድ ተወካይ መርጦ ሌላው ውጭ እንዲጠብቅ ለጥበቃው ነግሬ ነበር፤ ከማዋለጃ ክፍልም አንዲት ነርስ እንድትመጣልን አስጠርቼ ነበር። ይህን የመጨረሻውን ልተወው ብዬ ነበር፤ ብቻዬን መወጣት አለመቻሌን የሚያሳይ መስሎኝ። ሲስተር ግን ከሁሉ በላይ የወደዱት እሱን ነበር። ጠያቂዎቹ የሚፈሩት የሚደነግጥን ሰው ብቻ እንዳልሆነ፣ ከዐቅሙ በላይ ሲሆን ዝም የሚልን ሰው ይበልጥ እንደሚፈሩ፣ ምክንያቱም ስሕተቱ በታካሚው ላይ እንደሚወርድ አስረዱኝ። «ውጥረት አይሰማኝም» ያልሁት መልስ ለምን እንደጣለኝ ያን ቀን ገባኝ። የዓለም የጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2019 ለረጅም ጊዜ ባልተፈታ የሥራ ውጥረት ተዳክሞ መዛልን፣ በሽታ ባይለውም፣ ከሥራ የሚመጣ ክስተት ብሎ በመዝገቡ ማስፈሩን ያወቅሁት ከእሳቸው ነው።

አንድ ነገር አጥብቀው አስጠነቀቁኝ፤ እናንተም ልብ በሉት። የታካሚ ስም፣ ሰፈር፣ ማንነቱን የሚያሳውቅ ምንም ነገር በታሪኩ ውስጥ እንዳይነሳ፣ ታሪኩ የአገር ቤት ቢሆንም እንኳ። እዚህ ሂፓ የሚባል፣ እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣ፣ የታካሚን ምሥጢር የሚጠብቅ ሕግ ስላለ፣ የትናንቱን ታካሚ ምሥጢር የሚያወጣ ሰው የነገውንም ያወጣል ብለው ጠያቂዎቹ ይጠረጥራሉ።

«ከሥራ ውጭስ በምን ትረጋጊያለሽ?» ለሚለው ጥያቄ ጸሎት ማለት አፍሬ ነበር። «አትደብቂው፤ ግን በሥራ ሰዓትሽ የምታደርጊውንም ጨምሪበት» አሉኝ። እውነቱን ስፈልግ፣ ከአንዱ ታካሚ ወደ ሌላው ስሄድ እጄን ስታጠብ ቀጥሎ የማደርገውን በልቤ መቁጠር ልማዴ መሆኑን አገኘሁ። ይህን ያህል ዓመት ሳደርገው መልስ ይሆናል ብዬ አስቤ አላውቅም።

በአራት ቅዳሜ ጨረስን። የሥራ ልምድ መግለጫዬንም ኮምፒውተራቸው ላይ ተቀምጠው አስተካከሉልኝ፤ ምን እንደቀየሩ እስካሁን አልገባኝም፤ ቀድሞ በማግስቱ «አልተመረጥሽም» የሚል መልእክት ይመጣልኝ ነበር፤ አሁን ግን በሁለት ሳምንት ውስጥ ከሁለት ሆስፒታል ተደወለልኝ። ለመክፈል ስጠይቃቸው «ስትቀጠሪ አንድ ኪሎ ቡና ይዘሽ ነይ» አሉኝ።

በቃለ መጠይቁ ቀን ሦስት ሰዎች ፊት ለፊቴ ተቀምጠው ያንኑ ጥያቄ ጠየቁኝ። በልቤ አራቱን ሲኒዎች ደረደርሁ። ስለ ባትሪዎቹ ስናገር ከሦስቱ አንዷ ቀና ብላ «መብራት ሳይኖር ደም ሥር እንዴት አገኘሽ?» አለችኝ፤ ከዚያ በኋላ የነበረው ጨዋታ ነበር። አሁን በሌሊት ፈረቃ፣ በውስጥ ደዌና በቀዶ ሕክምና ክፍል ነርስ ሆኜ እሠራለሁ።

ሲስተር፣ እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። እናንተም ገንዘባችሁን ለተሸመደደ መልስ አታፍስሱ፤ ወደ እሳቸው ሂዱ፤ ደግሜ እላለሁ፣ ወደ እሳቸው ሂዱ። በውስጥ መልእክት ለጠየቀኝ ሁሉ እሳቸውን አስፈቅጄ ስልካቸውን እሰጣለሁ። የሚቀበሉት ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ብቻ ነው፤ በአንድ ቀን ከሁለት ሰው በላይ አያስተናግዱም። ቀጠሮ ይዞ የሚቀር ሰው በጣም ስለሚያሳዝናቸው የማይመቻችሁ ከሆነ ቀድማችሁ ደውሉ። ስትሄዱ የእናንተን የከበደ ሌሊት አስባችሁ ሂዱ፤ መጀመሪያ የሚጠይቋችሁ እሱን ነው።