ፒያሳ ያለው የትርጉም ቢሮ፦ ከውጭ የክስ ወረቀት ለሚመጣላችሁ

ደሴ ውስጥ ትርጉም የሚሠራ ቤት ሞልቷል። የልደት ምስክር ወረቀት ወይም ትራንስክሪፕት ከሆነ የትኛውም ይሠራላችኋል። ከውጭ አገር የመጣ የክስ ወረቀት ሲሆን ግን ነገሩ ሌላ ነው። ስለዚህ ፒያሳ፣ ከኮፒ ቤቱ በላይ ፎቅ ላይ ስላለችው ጠባብ ቢሮ በደንብ ልጻፍ። ውጭ አገር ዘመድ የሌለው ቤት እዚህ ከተማ ስንት ነው?

እህቴ አሜሪካ ውስጥ መጋዘን ነው የምትሠራው። አለቃዋ ጥቁሮቹን እየለየ ከባዱን ጭነት ይሰጣል፣ በቀለማቸው ይሳደባል። አቤት ስትል የሥራ ሰዓቷን ቀነሱባት። እሷም ዝም አላለችም፤ የእኩል የሥራ ዕድል ኮሚሽን ለሚባለው የፌዴራል መሥሪያ ቤት አመለከተች። ማመልከቱ በነፃ ነው። ከብዙ ወራት በኋላ ደብዳቤ መጣላት። የሕግ እንግሊዝኛ ስለሆነ አልገባትም፣ በቴሌግራም ላከችልን። እቤት ያየው ሁሉ ፋይሉ ተዘግቷል የምትለዋን መስመር ብቻ አንብቦ አለቀ ደቀቀ አለ። እናታችን አለቀሰች።

የቢሮው ባለቤት ከመተርጎሙ በፊት ደብዳቤውን ከላይ እስከ ታች አነበበው። ከሌሎቹ የሚለየው ይሄ ነው። ከዚያ ስለ ዋጋ ሳይሆን ስለ ቀን ተናገረ። ኮሚሽኑ ፋይሉን ዘጋ ማለት እህታችሁ ተሸነፈች ማለት አይደለም፣ አቤቱታዋ መሠረት የለውም ማለትም እንዳልሆነ እዚሁ ተጽፏል አለን። ራሷ ፍርድ ቤት ሄዳ መክሰስ ትችላለች፤ ግን ደብዳቤው ከደረሳት ጀምሮ 90 ቀን ነው ያላት። ካለፈ ያ በር ይዘጋል።

የቀኑ ነገር ቀላል እንዳይመስላችሁ። አሜሪካኖች ወሩን አስቀድመው ነው የሚጽፉት። ለምሳሌ 04/07 ተብሎ የተጻፈ ደብዳቤ መጋቢት 29 ነው፤ እኛ እንደለመድነው ቀኑን አስቀድሞ ያነበበ ሰው ግን ሰኔ 27 ያደርገዋል። 90 ቀኑ ሊሞላ ሁለት ቀን ሲቀረው ገና ዛሬ ጀመረ ብሎ ይቆጥራል። የቢሮው ባለቤት ግን ትርጉሙ ላይ ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር ጻፈና የመጨረሻዋን ቀን በቀይ አሰመረባት። እናቴንም «አብሽሩ እናቴ፣ ጊዜ አለን» አላቸው። ለዚህ ብቻ እንኳ አምስት ኮከብ እሰጠዋለሁ።

ሌላው የወደድኩለት፣ ጠበቃ ነኝ አይልም። እዚያው ጠበቃ ፈልጉ፣ በነፃ የሚረዱም አሉ ብሎ ነው የሸኘን። እህቴ ያገኘችው ጠበቃ የቀረውን አስረዳት። የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው) 15 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለውን አሠሪ ይይዛል። አቤት አልሽ ብሎ ሰዓት መቀነስ ራሱን የቻለ ጥፋት ነው። ለደረሰባት በደልና ለቅጣት የሚከፈለው ካሳ ግን ጣሪያ አለው፤ እንደ ድርጅቱ ትልቅነት ከ50,000 እስከ 300,000 ዶላር። ከዚያ ሌላ ባርነት በቀረ ማግስት፣ በ1866 የወጣ ሕግ አለ። የዘር መድልዎ ከሆነ በሱም መክሰስ ይቻላል፣ ያ የካሳ ጣሪያም የለበትም። ክሷን በጊዜው አስገብታለች፤ ገና አልተወሰነም።

ሰው ለአንድ ደብዳቤ ይሄን ያህል ምን አስጨነቀህ ሊለኝ ይችላል። ሙሉጌታ ሥራው የሚባለውን ኢትዮጵያዊ አስታውሱ። በ1988 ኖቬምበር ላይ ኦሪገን ግዛት፣ ፖርትላንድ ውስጥ ስኪንሄድ የሚባሉ ፀጉራቸውን የሚላጩ ነጭ ዘረኛ ወጣቶች በቤዝቦል ዱላ ደብድበው ገደሉት። ገዳዮቹ ታሰሩ። ቤተሰቡ ግን እዚያ ላይ አላቆመም፤ ወጣቶቹን ከጀርባ ሆነው ያነሳሱትን፣ የነጭ ዘረኞች ቡድን መሪ የነበረውን ቶም ሜትዝገርንና ልጁን የሙሉጌታ አጎት በፍትሐ ብሔር ከሰሳቸው። በ1990 የ12.5 ሚሊዮን ዶላር ፍርድ ተሰጠ። አብዛኛው ገንዘብ ባይገኝም ሜትዝገር ቤቱን ጭምር አጣ። ሙሉጌታ ያን ጊዜ እዚህ ኢትዮጵያ የሚኖር ትንሽ ልጅ ነበረው። የዚያ ልጅ መብት በባህር ማዶ ፍርድ ቤት የተከበረው በወረቀት፣ በቀጠሮና በትርጉም ነው። እኔ የትርጉም ቤት ሥራ ቀላል ነው ሲባል የማልስማማው ለዚህ ነው።

አረብኛውን የሚሠሩት አንድ አዛውንት ሼህ ናቸው። እሳቸው ጋ ያለው ወረፋ ከእንግሊዝኛው ይበልጣል፤ ወሎ ነው፣ ልጅ ያልላከ ማን አለ? ከኮምቦልቻ የመጡ አንዲት እናት የልጃቸውን የቤይሩት የሥራ ውል ይዘው ነበር። ሼሁ መስመር በመስመር አነበቡላቸው፤ የዕረፍት ቀን የሚል ነገር እንደሌለው ሲነግሯቸው ሴትየዋ ዝም አሉ። የሊባኖስ የ1946 የሥራ ሕግ የቤት ሠራተኞችን በግልጽ ያስቀራል። ልጅቷ እዚያ የምትቆየው ባስመጣት አሠሪ ስም ነው፤ ጥላው ከወጣች ሕገወጥ ትሆናለች። እህቴ ቢያንስ የምትከስበት ሕግ አላት። ይቺ ልጅ በውሏ ላይ ከተጻፈው ውጭ ብዙም የምትይዘው ነገር የለም፤ ስለዚህ ውሉ ከመፈረሙ በፊት እዚህ ቢመጣ ነው የሚሻለው። ሼሁም የመጣውን ሁሉ የሚለምኑት ይሄንኑ ነው።

የማይመቸኝም አለ። ቢሮዋ አንድ ክፍል ናት። የናንተን ጉዳይ ወረፋ የያዘው ሁሉ ይሰማል። የተደፈረች፣ የተደበደበች ልጅ ወረቀት ይዞ ለመጣ ቤተሰብ ይሄ ትልቅ ነገር ነው። መጋረጃ እንኳ ይደረግ ብዬ ነግሬዋለሁ፣ እስካሁን የለም። ደረሰኝ ካልጠየቃችሁ አይሰጥም፣ ጠይቁ። ዋጋው በገጽ 350 ብር ነው። ለልደት ካርድ ውድ ነው፣ ሌላ ቤት ሂዱ። ለክስ ወረቀት ግን ይገባዋል።

ጠዋት ሂዱ፤ መብራት ከጠፋ ፕሪንት የለም። የስክሪን ፎቶ አይበቃም፣ ዋናውን ፒዲኤፍ አስልኩ። ደብዳቤው የመጣበት ኢሜይልም ቀኑ እንደታየ አብሮ ይላክ፣ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እሱን ነው።