የስደተኛው ቃል ወይስ የመርማሪዎቹ ፍተሻ? ከኢራቅ ጦርነት በፊት

እ.ኤ.አ. በ2003 ኢራቅ ከመወረሯ በፊት ሳዳም ሁሴን የጅምላ ጨራሽ የጦር መሣሪያ አለው ወይ ለሚለው ጥያቄ ዋሽንግተን ሁለት ዓይነት መረጃ በእጇ ነበር።

አንደኛው የአንድ ሰው ቃል ነው። «ከርቭቦል» የሚል የምስጢር ስም የተሰጠው ኢራቃዊ ስደተኛ ሳዳም በመኪና የሚንቀሳቀሱ የባዮሎጂ ጦር መሣሪያ ማምረቻዎች አሉት ብሎ ለጀርመን ስለላ ተናገረ። ወሬው በዝርዝር የተሞላ ነበር። ዝርዝር ደግሞ ያሳምናል። የአሜሪካ ሰላዮች ግን ከጦርነቱ በፊት ሰውየውን አስቀምጠው በራሳቸው አልጠየቁትም። ያም ሆኖ የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የነበረው ኮሊን ፓወል ፌብሩዋሪ 5 ቀን 2003 የተመድ ጸጥታው ምክር ቤት ፊት ቀርቦ የማምረቻዎቹን ሥዕል ሳይቀር አሳየ። በ2011 «ከርቭቦል» መዋሸቱን ራሱ አመነ። ይህን ሳስብ እስካሁን ያንገበግበኛል፤ የስንት ሰው ሕይወት የተመዘነበት ቃል ነው!

ሁለተኛው በሃንስ ብሊክስ የሚመሩት የተመድ መርማሪዎች ሥራ ነው። ከኖቬምበር 2002 ጀምሮ በመቶዎች የሚቆጠሩ ቦታዎችን በአካል ፈተሹ። የዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኤጀንሲ ኃላፊ መሐመድ አልባራዳይም ኢራቅ ከኒጀር ዩራኒየም ልትገዛ ነበር የሚሉት ሰነዶች ሐሰተኛ መሆናቸውን ማርች 7 ቀን 2003 ለምክር ቤቱ አስረዳ።

እርግጥ ፍተሻ ቀርፋፋ ነው። «የለም» ብሎ ማረጋገጥም ይከብዳል። ብሊክስ ራሱ ያልተመለሱ ጥያቄዎች መኖራቸውን አልደበቀም፤ የጠየቀው ጥቂት ወራት ነበር። እኔ ያለማመንታት የምመርጠው ፍተሻውን ነው፤ ቢያንስ ሌላ ሰው ሄዶ ሊያየው ይችላል። ከማርች 7 በኋላ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ግን ቦምቡ ባግዳድ ላይ ወረደ። አሜሪካ ራሷ ያሰማራችው ቡድንም በ2004 የጅምላ ጨራሽ የጦር መሣሪያ ክምችት አለማግኘቱን ዘገበ።